ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር፦ ስለ ሂሮሺማ የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ

የመታሰቢያ አትክልት ስፍራ ለመናፈሻ ብቻ የሚያገለግል መስክ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ሙታኑን እንዴት ሊያስባቸው እንደ ወደደ የሚገልጽበት የአደባባይ ሥነ ጥበብ ነው። ስለዚህ ውበቱ ብቻ ሳይሆን ፍርዱም ሊመረመር ይገባል። የሂሮሺማው የሰላም መታሰቢያ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1949 በተደረገው ውድድር ያሸነፈው የሕንጻ መሐንዲስ ኬንዞ ታንጌ የሥራውን ኃይል ሁሉ ያኖረው በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ነው። ጎብኚው ከሙዚየሙ ተነሥቶ በ1952 ከተመረቀው ኮርቻ መሰል መታሰቢያ ፊት ሲደርስ፣ ኦገስት 6 ቀን 1945 በቦምብ የፈረሰውን ባለጉልላት ሕንጻ በቅስቱ ውስጥ አሻግሮ ያያል። ፍርስራሹ አንዳች ጌጥ ሳይጨመርበት ራሱ ይናገራል። ይህ የታላቅ ጥበበኛ ሥራ ነው።

ነገር ግን ዛሬ ሣርና ዛፍ የለበሰው ምድር ቤትና ሱቅ የሞላበት ናካጂማ የተባለ ሰፈር ነበር። አትክልቱ የተተከለው ፍርስራሹን በሸፈነው አፈር ላይ ነው፤ ከሥር የተገኘውን ቅሪት በቦታው የሚያሳይ ቤት የተከፈተውም በ2022 ነው።

በመታሰቢያው ላይ የተቀረጸው ቃል ሙታኑ በሰላም እንዲያርፉ፣ ስሕተቱም እንደማይደገም ይናገራል። የጃፓንኛው ግሥ ግን አድራጊውን አይገልጽም። አማርኛ አድራጊ ግሥን ያለ ባለቤት ስለማያቆም፣ ተርጓሚው «አንደግምም» ወይም «አይደግሙም» ከማለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ከተማው ባለቤቱ የሰው ልጅ ሁሉ እንደ ሆነ ያስረዳል። ሐሳቡ ክቡር ነው፤ ሆኖም «ሁሉ» ሲባል እነማንን እንደሚጨምር መጠየቅ ይገባል።

በቦምቡ ከሞቱት መካከል አገራቸው በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ወደዚያ የሄዱና በግድ የተወሰዱ ብዙ ኮሪያውያን ነበሩ። መታሰቢያቸው በ1970 ሲሠራ የቆመው ከአትክልቱ ውጭ፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ወደ ውስጥ የገባው ከ29 ዓመት በኋላ በ1999 ነው። ስለዚህ «ሁሉ» የተባለው ለብዙ ዘመን ወሰኑ ያ ወንዝ ነበረ።

በድንጋይ ኤሊ ጀርባ ላይ የቆመው ይህ የኮሪያውያን ሐውልት የታንጌን ልሙጥ ንድፍ አይመስልም፤ በዓይን ሲመዘን እንግዳ ነው። ይሁን እንጂ አትክልቱ የተቀረጸበትን ቃል መፈጸም የጀመረው ይህን እንግዳ ድንጋይ በተቀበለ ጊዜ ነው።