የእግዜር ሰላምታ በሁለት ጎማ

የአማርኛ ሰላምታ ለሚቸኩል ሰው አልተሠራም። «እንዴት አደርክ?» ብሎ ይጀምርና ልጁን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ አያበቃም። ጥያቄ ነውና መልስ ይፈልጋል፤ መላሹም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ በተራው ይጠይቃል። ታዲያ በብስክሌት የሚተላለፉ ሁለት ሰዎች ይህን ሁሉ መቼ ያድርሱት? የሚተያዩት ለሁለት ሴኮንድ ቢሆን ነው።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ መላውን ካገኙት ቆይተዋል። ሜዳ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸውና ብስክሌት የተማሪውም፣ የመምህሩም፣ የቀን ሠራተኛውም እግር ሆኖ ኖሯል። እዚያ የለመደ ሰው እጁን ከመሪው ሳያነሳ ቅንድቡን ከፍ፣ አገጩን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ለታላቅ አንገት ሰበር ይደረጋል። የሚተዋወቁ ከሆነማ ጎን ለጎን እየነዱ የቤተሰቡን ወሬ ይጨርሱታል፤ ከኋላቸው ያለው ባጃጅ ጡሩንባውን ቢያስጮህም። ሰላምታው አጠረ እንጂ አልጠፋም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ዳገቷ ብስክሌትን ለረጅም ጊዜ ገፍቶት ኖሯል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና መዘጋት ጀመሩ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የብስክሌት መስመር ይዞ መጣ። መስመሩ ተቀባ፤ ወጉ ግን አብሮ አልተቀባም።

ሄልሜት ያጠለቀው ስፖርተኛ መሰሉን ሲያገኝ እጁን ያነሳል፣ ፈገግ ይላል። አሮጌ ብስክሌት ላይ ጭነት አስሮ ዳገት የሚገፋውን ሰው ሲያልፍ ግን ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ተተክሏል። ለእግረኛ ያለው ቋንቋ ደግሞ ደወል ብቻ ነው። በሰዋስው ብንፈታው ትእዛዝ አንቀጽ ነው፦ «ዞር በል!»

«እጃችንን ብናነሳ እንወድቃለን» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቁልቁለት ላይ እጅ ማንሳት ሞኝነት ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ፍጥነት ቀንሰው የሚያማትቡ ብስክሌተኞች ሞልተዋል። ለፈጣሪ የሚቀነስ ፍጥነት ለፍጡሩ ምነው ከበደ? ቅንድብስ ቢሆን መሪ ይይዛል እንዴ?

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርኩ። ብስክሌተኛን የገጨ ሹፌር ቶሎ የሚቀናው ቃል «አላየሁትም» ነው። ብስክሌተኛውም ቀኑን ሙሉ ሹፌሩን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ «እየኝ» ይለዋል። ከመኪና በላይ ያለው ሰው እንዲያየው የሚለምን ሰው፣ ከእሱ በታች በእግሩ የሚሄደውን ካላየ ልመናው ምን ፊት አለው?

ሰላም ሳይለን ያለፈውን «የእግዜር ሰላምታ ነፈገን» ብለን እናማዋለን። አነጋገሩ ልክ ነው። ሰላምታው የእግዜር ከሆነ ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ የእኛ ሥልጣን አይደለም።