አሮጌ መስሎ የሚገባ አዲስ ዲስክ

ኮምፒውተር የምጠግንባት መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ የሚመጣው መንገድ የለጋምቦን ብርድ ሲያቋርጥ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። ይህ ከኮምፒውተር ጥገና ጋር ምን አገናኘው ለሚል፦ የሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ያነባል። አየር ሲሳሳ ንጣፉም ይሳሳል። ብዙ አምራቾች በመግለጫቸው ላይ የሥራ ከፍታውን ወሰን 3,048 ሜትር የሚያደርጉት ለዚህ ነው። እዚህ አገር ዲስክ በብዛት የሚገድለው የመብራት መቆራረጥ ቢሆንም፣ ከፍታውም ስሌት ውስጥ ይገባል። መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዘው ኤስኤስዲ ግን ጭንቅላትም ሳህንም የለውም፤ ለደጋ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ደንበኛ የሚመጣው ግን «ሲፒዩው ተንቀራፈፈብኝ፣ ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ነው። ፎርማት ለጥቂት ሳምንት ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ የሚያዘገየው ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ የጭንቅላቱ ጉዞ ሲጨመርበት ከ10 በላይ ይሆናል። ኤስኤስዲ ይህን ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ፕሮሰሰሩ ያው የድሮው ሆኖ ሰውየው «አዲስ ገዛችሁልኝ እንዴ?» የሚለው በዚህ ልዩነት ነው።

በአሮጌ ማሽን ላይ አዲስ ዕቃ የመሰካት ብልሃት ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ዲጂታል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ፒዲፒ-11 የተባለውን ሚኒኮምፒውተር አወጣ፤ በኋላ የመጣለት አርኬ05 የሚባለው ዲስኩ 2.5 ሜጋባይት ገደማ ይይዝ ነበር፤ ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ የሚሞላው ቦታ ነው። ቦታ የጠበበው ሰው ከዲጂታል በውድ ከመግዛት የሌላ አምራች ካርድ መሰካት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ኢሙሌክስ የሠራቸው የዲስክ መቆጣጠሪያዎች ለማሽኑ ራሳቸውን የዲጂታል ካርድ አድርገው ያቀርቡ ነበር፤ ከጀርባቸው የተሰካው ዲስክ ግን የሌላ ኩባንያ ነበር። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ኢኤምሲም ገበያ የገባው ፕራይም ለሚባሉ ሚኒኮምፒውተሮች የሚሆን ሚሞሪ ቦርድ በመሸጥ ነው።

የእኔም ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የተጫነ የድሮ የሒሳብ ፕሮግራም ያለበት ማሽን ይመጣል፤ የመጫኛው ሲዲ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል። «ልጄ፣ ፋይሌ ይትረፍልኝ እንጂ ሌላው አይገደኝም» ይሉኛል የማሽኑ ባለቤት። ስለዚህ ዲስኩ እንዳለ ይገለበጣል። ቀጭ ቀጭ ማለት የጀመረ ከሆነ ደህና ደህናውን መጀመሪያ አነባለሁ፤ እምቢ ያለውን ዘልዬ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አንድ ቦታ ላይ ሙጭጭ ማለት የቀረውንም ያስጨርሳል።

ኤስኤስዲው ከተሰካ በኋላ ባዮስ ውስጥ የሳታው ሞድ (ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበት ስልት) አዲሱ ኤኤችሲአይ ላይ ከሆነ፣ ኤክስፒ ሊነሣ ሲል ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና በ7ቢ የሚያልቅ ቁጥር ጽፎ ይቆማል። የኤኤችሲአይ ድራይቨር አብሮት አይመጣም። ሞዱ ወደ ድሮው አይዲኢ ሲመለስ አዲሱ ዲስክ አሮጌውን መስሎ ይቀርባል፤ ኤክስፒም ሳይጠራጠር ይነሣል። ሌላም አለ፦ ኤክስፒ ፓርቲሽኑን የሚጀምረው ከ63ኛው ሴክተር ነው። ይህ ከኤስኤስዲው የ4 ኪሎባይት ድንበር ጋር ስለማይገጥም አንድ ጽሑፍ ሁለት ቦታ ይነካል። ስገለብጥ መነሻውን ወደ 2,048 አዛውረዋለሁ። ደንበኛው አያየውም፤ ዲስኩ ግን በከንቱ አይደክምም።

ከዲስኩ ይልቅ ራም መጨመር ቀላል ነው። ዲዲአር3 ለዲዲአር2 ቀዳዳ አይገባም፤ 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 8 ጊጋ መጨመር ብር ማባከን ነው፣ ከ4 በላይ አይጠቀምበትም።

የሚያናድደኝ ሌላው አስመሳይ ነው። ላዩ ላይ 1 ቴራ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን የጥቂት ጊጋ ቺፕ ያለው ዕቃ ገበያ ውስጥ ሞልቷል። ኮምፒውተሩ 1 ቴራ ብሎ ያነበዋል፤ ልኩ ሲሞላ በአሮጌው ፋይል ላይ እየጻፈ ይሄዳል፣ ስህተት አገኘሁ እንኳ አይልም። የኢሙሌክስ ካርድ ማንነቱን ቢደብቅም የገባውን ቃል ይፈጽም ነበር። እኔ አዲስ ዲስክ የሰው ፋይል ከመጫኔ በፊት እስከ አፉ ሞልቼ መልሼ አነበዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና።

ማዘርቦርዱ ላይ ካፓሲተሮቹ አናታቸው አብጦ ካገኘሁ ግን ኤስኤስዲም ራምም አልሸጥም። ፋይሉን አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ብሩን ለሌላ ማሽን ያቆዩት እላለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ ሌላ ጋ ሄዶ ያስጨምራል።