ጧዑን በተራኪዎች ብዕር፦ የደማስቆው ጉባኤ እና የትረካ አማና

በ749 ዓመተ ሂጅራ (1348 እ.ኤ.አ.) ሶሪያንና ግብፅን የመታው ታላቁ ጧዑን በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ላይ ጥልቅ አሻራ ትቶ አልፏል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ስለ ወረርሽኝ የተጻፉት ሥራዎች ብዙና ልዩ ልዩ ናቸው፤ በሰጅዕ የተደረሰ ሪሳላ፣ የጉዞ ትረካ፣ የታሪክ መዝገብ፣ የሐዲስና የፊቅህ ኪታብ፣ ልጆቻቸውን ለቀበሩ ወላጆች የተዘጋጀ የማጽናኛ ድርሳን ይገኙባቸዋል። እኛ ግን እነዚህን ሥራዎች ዘወትር የምንገልጣቸው ሑክም ለመፈለግ ነው። በወረርሽኝ ወደ ተመታ አገር መግባት ይፈቀዳልን? ከዚያስ መውጣት? መልሱን ካገኘን በኋላ ኪታቡን እንከድነዋለን። በዚህ ጽሑፍ እንደ ትረካ ልናነባቸው እንሞክራለን። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ሞት በየቀኑ በሚቆጠርበት ዘመን ብዕሩን ያነሣ ሰው ታሪኩን እንዴት ይጨርሰዋል?

ጥያቄው ለመምህራንና ለኢማሞች የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ1441 ዓ.ሂ. (2020 እ.ኤ.አ.) ረመዷን በብዙ አገሮች የመስጂድ በሮች ተዘግተው፣ ተራዊሕ በየቤቱ ተሰግዶ፣ ሐጅም በጣት በሚቆጠሩ ሑጃጆች ብቻ ተወስኖ አልፏል። ዛሬ በመድረሳ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡት ሕፃናት ብዙዎቹ ያንን ጊዜ አያስታውሱም። ስለ እርሱ የሚያውቁት እኛ የምንነግራቸውን ያህል ነው።

የሰርግ ትረካ

በእስልምና ታሪክ ስለ ጧዑን ለሚነገሩ ትረካዎች ሁሉ እናት የሆነው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የሰርግ ታሪክ ነው። ኸሊፋው ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለው ስፍራ የጦር አዛዦቹ ተቀብለው በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ሙሃጂሮችን ጠርተው አማከሩ፤ አልተስማሙም። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። በመጨረሻ ያማከሯቸው የቁረይሽ አዛውንት ግን በአንድ ድምፅ ተመለስ አሏቸው። ለመመለስ በወሰኑ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ይህ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ አይደለምን ሲሉ ጠየቁ። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄድ መሆኑን በግመልና በግጦሽ ምሳሌ አስረዱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጉዳያቸው ርቀው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጡና ነገሩን የሚቋጨውን ሐዲስ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ።

የዘገባውን አካሄድ ልብ እንበል። ዘጋቢው ሐዲሱን በመክፈቻው አስቀምጦ ክርክሩን ማሳጠር ይችል ነበር፤ አላደረገውም። የሶሐቦቹን መለያየት እንደ ነበረ ተወልን። በውሳኔው ያልተስማሙትን አቡ ዑበይዳንም ተራኪው ራሱ አልነቀፋቸውም። በኋላ በዐምዋስ ጧዑን እንደ ሞቱ የሚያውቅ አንባቢ የዚያን ጥያቄ ክብደት ራሱ ይመዝነዋል። ተራኪው ፍጻሜውን አስቀድሞ ቢያውቅም፣ ሰዎቹ ገና ሳያውቁ የቆዩባቸውን ሰዓታት አልሰረዘባቸውም። ከዚህ በታች የምናያቸውን ሥራዎች የምንመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

የኢብኑል ወርዲ ሪሳላ

ዘይኑዲን ዑመር ኢብኑል ወርዲ በሐለብ ይኖር የነበረ ፈቂህ፣ የሰዋስው ሊቅና ገጣሚ ነው። ስለ ወረርሽኙ የጻፈው ሪሳላ በሰጅዕ፣ ማለትም ቤት በሚመታ ዝርው ቃል፣ የተደረሰ ነው። በዚያ ሪሳላ ጧዑኑ አገር እንደሚያስገብር ንጉሥ ይዘምታል። ከጨለማው ምድር ተነሥቶ ቻይናን፣ ህንድን፣ የፋርስን ምድርና ክሪሚያን ያዳርሳል፤ ሩምንና ቆጵሮስን መትቶ ወደ ካይሮና እስክንድርያ ይገባል፤ ከዚያም በጋዛ፣ በቁድስ፣ በቤይሩትና በደማስቆ አልፎ ከደራሲው ከተማ ከሐለብ ይደርሳል። ደራሲው በየከተማው ስም ላይ ቃል ያመሳስላል፣ ድምፅ ከድምፅ ያጋጫል። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ስልቱን ወዲያው ይረዳዋል።

በሬሳ ፊት ቃል ማሳመር ይገባልን ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኛ ጌጡን አንነቅፈውም። የሰጅዑ ምት የጧዑኑን ርምጃ ያሰማናል፤ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዘለው ዐረፍተ ነገርም የበሽታውን ፍጥነት ይመስላል። የሪሳላው ጉድለት ሌላ ነው፦ ከተሞቹ ስም አላቸው፣ ሟቾቹ ግን የላቸውም። ጧዑኑ ያለ ልክ ስለ ገነነ ሰው በፊቱ ጠፍቷል። ደራሲው ከፍ ብሎ የሚታየን ወረርሽኙ ወደ ገዛ ሰፈሩ ሲገባ ነው። የሐለብ ሰዎች ካፉርና ሰንደል ሲያሸቱ፣ የያቁት ቀለበት ሲያጠልቁ፣ ከምግባቸው ጋር ሽንኩርት፣ ሆምጣጤና ሰርዲን ሲያቀርቡ ያሳየናል። በዚህ ቦታ ሩቅ አገር ያለው ወሬ ቀርቶ ዓይን ያየው ነገር ይጀምራል። አንድ ሰው ሞትን ለመከላከል በማዕዱ ላይ ሽንኩርት መጨመሩ ከብዙ ከተሞች ዝርዝር ይልቅ ፍርሃቱን ያቀርብልናል።

ኢብኑል ወርዲ በ749 ዓ.ሂ. መጨረሻ (መጋቢት 1349 እ.ኤ.አ.) በዚያው ወረርሽኝ በሐለብ ሞተ። የጧዑኑን ማብቂያ አላየም፤ ሪሳላውም ማብቂያ አይሰጠንም፣ በዱዓእ ይቆማል። ይህንንም እንደ ጉድለት አንቆጥረውም።

አንድ ጉባኤ፣ ሁለት ፍጻሜ

በዚያው ዓመት በደማስቆ የሆነውን ነገር ኢብን በጡጣ ለዓይን በሚታይ አኳኋን ተርኮታል። የከተማው ገዥ አርጉን ሻህ ሕዝቡ ሦስት ቀን እንዲጾም ዐወጀ። ከዚያም ሕዝቡ በኡመያው ታላቅ መስጂድ ተሰብስቦ ሌሊቱን በሶላትና በዱዓእ አሳለፈ። በጁሙዓ ማለዳ ቁርኣን በእጃቸው ይዘው፣ አሚሮቹም በባዶ እግራቸው ሆነው፣ ወደ መስጂደል አቅዳም ወጡ። አይሁዶች ተውራታቸውን፣ ክርስቲያኖች ኢንጂላቸውን ይዘው፣ ሴቶችና ሕፃናትም ተከትለው ወጡ። ሁሉም አለቀሱ፣ ለመኑ። ፍጻሜው እንደ ኢብን በጡጣ አገላለጽ የአላህ ማቅለል ነው፦ በደማስቆ የአንድ ቀን ሟቾች ቁጥር 2,000 ገደማ ደርሶ ሲቆም በካይሮ 24,000 ደረሰ ይለናል።

ይህን ትረካ የሰማ ሁሉ ይወደዋል፤ እኛም እንወደዋለን። የሃይማኖት ልዩነት ሳይገድበው በአንድ ጎዳና የሚያለቅስ ከተማ በጽሑፍ ተደጋግሞ አይገኝም። ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንመርምረው። ትረካው በቃል ተነግሮ ያበቃው በ756 ዓ.ሂ. ነው፤ በመካከሉ ሰባት ዓመት አለ። የካይሮው አሃዝ ተራኪው ቆሞ የቆጠረው ሊሆን አይችልም። በትረካው ውስጥ ያለው ሚና የደማስቆን ዕድል ማጉላት ነው፤ የለመነው ከተማ ቀለለለት፣ የሌላው ሞት ግን በዛ የሚል ስሜት በአንባቢው ልብ ያሳድራል።

ስለዚያው ዓመት የተነገረ ሌላ ፍጻሜ ደግሞ አለ። ስለ ጧዑን የጻፈው ሙሐመድ አል መንበጂ፣ በ764 ዓ.ሂ. በደማስቆ ወረርሽኝ በተመለሰ ጊዜ ሰዎች ለጩኸትና ለልመና መሰብሰባቸውን ሲነቅፍ የ749ኙን መውጣት ያነሣል። እርሱ እንደሚለው ሕዝቡና ታላላቆቹ ወጥተው ከለመኑ በኋላ ጧዑኑ ከፋ፤ ከዚያ በፊት ቀለል ያለ ነበር። ይህን ቃል ያቆየልን ኢብን ሐጀር አል ዐስቀላኒ በጧዑን ኪታቡ፣ በ«በዝሉል ማዑን ፊ ፈድሊጧዑን» ውስጥ ነው።

አንዱ ጉባኤ ሁለት ፍጻሜ አገኘ። ከሁለቱ አንዱን ሐሰተኛ ማለት አያስፈልገንም። የምናስተውለው ሌላ ነገር ነው፦ ልብ የሚሻው ፍጻሜ ያለው ትረካ በየአገሩ ተነበበ፤ ልብ የማይሻውን የሚያውቁት ኪታብ የሚገልጡ ጥቂቶች ናቸው።

የኢብን ሐጀር መዝገብ

ኢብን ሐጀር ኪታቡን በ819 ዓ.ሂ. ጀምሮ በ833 ፈጸመው። የሕይወት ታሪኩ እንደሚነግረን በ819 ፋጢማና ዓልያ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆቹን፣ በ833 ደግሞ ታላቋን ዘይን ኻቱንን በጧዑን አጥቷል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ኪታቡን ሲገልጥ የአባት እሪታ ይጠብቅ ይሆናል። የሚያገኘው አምስት ምዕራፍ ነው፤ ሐዲሶች ከነሰነዳቸው፣ የቃላት ፍቺ፣ ጧዑን ለሙእሚን ሸሃዳ ስለ መሆኑ፣ ስለ መግባትና መውጣት ሑክም፣ ከተከሰተ በኋላ ስለሚደረገው ነገር። በመጨረሻም በእስልምና ታሪክ የደረሱ ወረርሽኞች ይዘረዘራሉ።

በዚህ ሥርዓት መካከል የገዛ ዘመኑን አንድ ክስተት አስቀምጧል። በ833 ዓ.ሂ. ጧዑን በካይሮ ሲጀምር የቀኑ ሟቾች ከ40 በታች ነበሩ። ሦስት ቀን ጾም ታውጆ ሰዎች በጁማደል ኡላ 4 ወደ ሜዳ ወጡ፤ ዱዓእ አድርገው፣ ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። ወሩ ሳያልቅ የቀኑ ሟቾች ከ1,000 በላይ ሆኑ፤ ከዚያም ጨመሩ። ኢብን ሐጀር ዱዓእን አልነቀፈም፤ ለጧዑን እንደ ዝናም ልመና መሰባሰብ ከቀደምቶቹ ዘንድ መሠረት የለውም ነው የሚለው። ለተቺ ዓይን የሚደንቀው ግን አቀማመጡ ነው። ከ40 በታች፣ ከዚያ ከ1,000 በላይ፤ ቀኑ፣ ወሩ፣ ዓመቱ። ልጁን በዚያ ዓመት ያጣ አባት ከዚህ የከበደ ቃል መምረጥ ይችል ነበር። ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጦ አለፈ።

ስለ በሽታው አመጣጥና መተላለፍ ኢብን ሐጀር የያዘውን አቋም ዛሬ በሕክምና የምናውቀው አይደግፈውም። የግራናዳው ኢብኑል ኸጢብ በልምድና በምስክርነት ላይ ተመሥርቶ መተላለፉን ከእርሱ በፊት ተከራክሮበታል። በትረካ አማና ረገድ ግን የኢብን ሐጀር መዝገብ የላቀ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ምክንያቱም የራሱን አቋም የማይከተል አንባቢ እንኳ በእርሱ ቁጥርና ቀን ላይ ቆሞ ሊያስብ ይችላል። የካይሮው ሕዝብ ሜዳ ላይ መታጨቁ በሽታውን አዛምቶት ይሆን ብለን ዛሬ ለመጠየቅ የቻልነው እርሱ ቀኑን ስላልደበቀ ነው።

በእኛ ሚንበር

ከ1441 ወዲህ ስለ ኮሮና በኹጥባ፣ በመድረሳና በአጫጭር ጽሑፎች የሚነገሩት ታሪኮች ብዙዎቹ የሚይዙት የኢብን በጡጣን መንገድ ነው። መከራው መጣ፣ ሰው ወደ አላህ ተመለሰ፣ መከራው ተነሣ። በዚህ አቀማመጥ ውስጥ ዱዓእ አድርጎ የሞተው ሰው ቦታ የለውም። ልጁ ወይም እናቱ የሞቱበት ሰው ከሚንበሩ ሥር ተቀምጦ ሲሰማ፣ የእኛ ልመና ምን ጎደለው ብሎ ከማሰብ ማን ያድነዋል? ጧዑን ለሙእሚን ሸሃዳ መሆኑን ያስተማሩን ሐዲሶች የሟቹን ክብር ይጠብቃሉ፤ የእኛ ትረካ ግን ለፍጻሜው ውበት ሲል ያንን ክብር ሳያውቅ ይነካዋል።

ሌሎች ታሪኮች ደግሞ በሽታውን የሌላ ሕዝብ ቅጣት አድርገው ያቀርቡታል፤ ወደ እኛ ሲደርስ ፈተና ይሉታል። የደማስቆውን ጎዳና ሦስት መጻሕፍት በያዙ ሰዎች ተሞልቶ ያነበበ መምህር እንዲህ ያለውን ክፍፍል በቀላሉ አይቀበለውም።

ስለዚህ ለመድረሳ መምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ተማሪዎች በየመስጂዳቸው ያሉትን አባቶችና እናቶች ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ ጀናዛ ማን አጠበ? ስንት ሰው ሰገደበት? አዛን ሲሰማ መስጂድ መሄድ ያልቻለ ሽማግሌ የት ሰገደ? ቤተሰቡ ሲፈቅድ የሟቹ ስም ይጻፍ። የነገረን ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ያየው ይሁን የሰማው ይለይ፤ ሰነድ የለመደ ተማሪ ይህን ለመማር አይቸግረውም። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ከተናገሩ ሁለቱም ይጻፉ። ከዚህ በኋላ ልብ ወለድ የሚጽፍ ይጻፍ፣ መንዙማ የሚደርስም ይድረስ። ቁጥሩና ቀኑ ከተጠበቀለት፣ ኋላ የሚመጣው አንባቢ ፍጻሜውን ከእኛ ይልቅ አጥርቶ ሊያየው ይችላል።