ሦስት የሐር ስፌት

የዓይን ማዝ የጎዳቸው የመንዝ እናቶች ከመቀነታቸው ጫፍ ወረንጦ ይቋጥራሉ። ይህ ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ በልጅነት እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያቆስላል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈትጋል። በወረንጦ የተነቀለው ፀጉር በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ያውም አጭርና እንደ እሾህ የሚወጋ ሆኖ።

ሽፋሽፍቱን ወደ ውጭ የሚመልሰው ስፌት ነው። በርኖስና ባና በሚሠራበት አገር ስለ እጅ ሥራ ማውራት ድፍረት ቢሆንም፣ ይህን ስፌት አለማድነቅ አልችልም።

ነርሷ ከታካሚዋ ራስጌ ትቀመጣለች። «እማማ፣ ወደ እግርዎ ይመልከቱ።» ዓይን ቁልቁል ሲያይ የላይኛው ቆብ ለመገልበጥ ይመቻል። ማደንዘዣው ከሠራ በኋላ ቆቡን ገልብጣ በትንሽ የብረት ሳህን ላይ ትዘረጋዋለች። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ገባ ብላ ስሱን የውስጥ ሽፋንና ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ክፍል ትሰነጥቃለች። ቆዳው አይቆረጥም።

መሐሉ ቀላል ነው። ጥበቡ ያለው ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ነው፤ ምላጩ ቀድሞ ከቆመ መሐሉ ይዞርና የጥጉ ፀጉር መፈተጉን ይቀጥላል። ከዚያ ሦስት ስፌት፣ በሐር ክር። ቋጠሮው ከላላ ቆቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ከጠበቀ ጠርዙ ከልክ በላይ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ቅርጹም ይበላሻል። በላላና በጠበቀ መካከል ያለውን የምታውቀው ጣቷ ብቻ ናት።

ይህን የምትሠራው ሐኪም አይደለችም፤ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነች ነርስ ናት። በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና በጊዜውና በአቅሙ እንደማያገኝ እ.ኤ.አ. በ2015 የላንሴት ኮሚሽን ሲያስታውቅ፣ እኔ የታየኝ የጤና ጣቢያ አልጋና የእጅ ባትሪ ነበር። መንዝ ባለበት በአማራ ክልል 1,000 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ቆዳን ሳይቆርጥ ከውስጥ የሚሠራውን ይህን ዘዴ ቆቡን ከውጭ እስከ ውስጥ ከሚቆርጠው ጋር አወዳድሯል። በዓመቱ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በዚህኛው 13 በመቶ፣ በዚያኛው 22 በመቶ ነበሩ። አሥራ ሦስቱም ቢሆን ለእኔ ብዙ ነው፤ እያንዳንዷ እንደገና ወረንጦ የምትፈልግ እናት ናትና።

ክሩ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ያን ዕለት ሌላው ሰው መሐሉን ሲያይ፣ እኔ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ አያለሁ፦ ደቃቆቹ ፀጉሮች ሁሉም ወደ ውጭ ዞረዋል።