ስለ ፊልም ቆራጮች ሥራና ኀላፊነት

በየጋዜጣውና በየመጽሔቱ ስለ ፊልም የሚጻፈውን የሚከታተል ሰው እንደሚያስተውለው፥ ዘወትር የሚነሣው የተዋናዩና የዳይሬክተሩ ስም ነው። አልፎ አልፎም ካሜራውን የያዘው ሰው ይመሰገናል። ነገር ግን የተነሣውን ፊልም ተረክቦ፥ በጨለማ ክፍል ውስጥ ለወራት ተቀምጦ፥ የሚቀረውንና የሚጣለውን ለይቶ አንዱን እይታ ከሌላው ጋራ የሚያጋጥመው ሠራተኛ ስሙ አይጠራም። ይህ ባለሞያ በተለምዶ ኤዲተር ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ፊልም ቆራጭ እንለዋለን። በሞያው ውስጥ «ጥሩ መጋጠሚያ የማይታይ መጋጠሚያ ነው» የሚል አባባል ስላለ፥ ስለ ቆራጩ ዝም ማለት እንደ ምስጋና ይቈጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን፥ ሌላው ግማሽ ሲረሳም ጕዳት የሚያስከትል መሆኑን ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረት ተብለው ካልተለዩ በቀር፥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሥራውን ክብደት እንመልከት። በ1979 ለሕዝብ የቀረበው «አፖካሊፕስ ናው» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሲዘጋጅ፥ የተነሣው ፊልም ርዝመት 1,250,000 ጫማ ያህል ነበር፤ ይህም ሳይቋረጥ ቢታይ ከ230 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከዚህ ሁሉ ለተመልካች የደረሰው ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ለአንድ ደቂቃ ፊልም ዘጠና አምስት ደቂቃ ያህል ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። ከቆራጮቹ አንዱ የነበረው ዋልተር መርች በኋላ ሲያሰላው፥ እያንዳንዱ ቆራጭ በአማካይ በቀን የሠራው መጋጠሚያ ከአንድ ተኩል አይበልጥም። ላላወቀ ሰው ይህ ስንፍና ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በፊልሙ ላይ ለታየው ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ፥ ተሞክረው የተፈቱና ታስበው የተተዉ ብዙ ሌሎች አሉ። ስለዚህ የቆራጩ ድካም የሚታወቀው በሠራው ብቻ ሳይሆን በጣለውም ነው፤ የጣለውን ደግሞ ማንም አያየውም።

መጋጠሚያ ኀይሉ ከየት ይመጣል? ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከ1917 አብዮት በኋላ ባሉት ዓመታት ያደረገው ሙከራ ለዚህ መልስ ይሰጣል። ባልደረባው ፑዶቭኪን እንደ ተረከው፥ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ፊት ምንም ስሜት ሳይታይበት ወሰደ፤ ይህንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፥ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋራ አጋጠመው። ተመልካቾቹም የተዋናዩን ረኃብና ኀዘን አደነቁ። ፊቱ ግን አልተለወጠም ነበር። ረኃቡም ኀዘኑም በአንደኛው ቁራጭ ውስጥ አልነበሩም፤ በሁለተኛውም አልነበሩም፤ የተወለዱት በሁለቱ መካከል ነው። ተመልካቹ እንዳየ የሚያምነውን ነገር ራሱ አዋለደው ማለት ነው። የቆራጩ ሥልጣን በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ይህ ሥልጣን በመልካም እጅ ሲገባ ምን እንደሚመስል «ሎሬንስ ኦቭ አረቢያ» የተባለው የ1962 ፊልም ያሳየናል። ቆራጭዋ አን ኮትስ እንግሊዛዊት ነበረች፤ አስቀድማ ነርስ የነበረች፥ ወደ ፊልምም ሥራ የገባችው ለየቤተ ክርስቲያኑ የሚላኩ አጫጭር የሃይማኖት ፊልሞችን እየጠገነች ነው። በዚያ ፊልም ሎሬንስ የተለኰሰውን ክብሪት እፍ ብሎ ሲያጠፋ፥ ወዲያው የምድረ በዳው አድማስ ፀሓይ ልትወጣበት ተቃርባ ይታያል። በጽሑፍ የታቀደው ግን የክብሪቱ እይታ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ በምድረ በዳው እንዲተካ ነበር። ኮትስ እንደ ተናገረችው፥ ሁለቱ ቁራጮች ለጊዜው እንዲያው ተጋጥመው ሲታዩ፥ እርስዋም፥ ራሱ ቆራጭ የነበረው ዳይሬክተር ዴቪድ ሊንም ወደዱት፤ ከዚያም ጥቂት ነጠላ ሥዕሎችን ቀንሳ አስተካከለችው። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል በሚያልፍበት ፊልም ጥቂት ሥዕል መቀነስ ማለት ከዓይን ቅጽበት ያነሰ ጊዜ መቀነስ ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ ያ መጋጠሚያ ከአንድ ሰው ምኞት ወደ አንድ አገር ስፋት በአንድ እስትንፋስ ያሻግረናል። በ1963 የኦስካር ሽልማት መቀበሏ የሚገባት ነበር።

መርች ስለ ሞያው በጻፈው መጽሐፍ አንድን መጋጠሚያ ለመመዘን ስድስት መመዘኛዎችን ደርድሮ ለያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶአል። ከመቶው 51 ለስሜት፥ 23 ለታሪኩ አካሄድ ሰጠ፤ የቀረውን ለምት፥ ለተመልካች ዓይን አቅጣጫና ለቦታ አቀማመጥ አከፋፈለው። ለልብ ወለድ ፊልም ይህን የሚያህል ብልህ ሚዛን በቀላሉ አይገኝም፤ የኮትስን መጋጠሚያ ብንመዝንበት ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ይሁን እንጂ አንባቢ እንደሚያየው፥ ከስድስቱ አንዱ እንኳ «ይህ መጋጠሚያ የሚናገረው ነገር በእርግጥ ሆኖአልን?» ብሎ አይጠይቅም። ሎሬንስን ለሚቈርጥ ሰው ጥያቄው ላያስፈልገው ይችላል። የዜናና የታሪክ ፊልም ለሚቈርጥ ግን ከሁሉ በፊት የሚመጣ ነው።

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 በወሎ የነበረውን ረኃብ የሚያሳይ ፊልም አዘጋጅቶ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ከመውረዳቸው አስቀድሞ በነበረው ምሽት፥ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የቀረበው ግን እንደ ነበረ አይደለም። በረኃብተኞቹ እይታዎች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና የምቾት እይታዎች ገብተውበት ነበር። በነጋታው ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ።

ይህን ፊልም በመርች ሚዛን ብንመዝነው እጅግ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። ስሜቱ ብርቱ ነው፤ ታሪኩም ወደ ፊት ይገፋል። የረኃቡ እይታዎች እውነተኛ ነበሩ፤ የድግሱም እንደዚሁ። መንግሥት ረኃቡን መደበቁም በሌላ ማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ነው። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ጥፋቱ መጋጠሚያው ላይ ነው። አንዱ ፊልም የት እንዳበቃ፥ ሌላው የት እንደ ጀመረ፥ ድግሱ መቼ እንደ ተደረገ ለተመልካቹ ሳይነገረው፥ «ይህ ሲሆን ያ ይደረግ ነበር» ብሎ እንዲፈርድ ተደረገ። የምስክርን ቃል አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ቅደም ተከተሉን ብቻ የሚያዛውር የችሎት ጸሐፊ ፍርድን ሊያጣምም እንደሚችል ሁሉ፥ ቆራጭም እንዲሁ ነው። ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ፥ መጋጠሚያው ቍጣን አስነሣ እንጂ ማስረጃ አልጨመረም።

«ለተራበ ሕዝብ የተደረገ ስለሆነ ይፈቀዳል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለእርሱ መልሱ ከዐሥር ዓመት በኋላ መጣ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ ዐሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ወጪ ሲያከብር፥ ወሎና ትግራይ ከፊተኛው በከፋ ረኃብ ላይ ነበሩ። የዚያን በዓል ሰልፍና ግብዣ ወስዶ በዚያው ጥቅምት ወር ዓለም ካያቸው የቆረም እይታዎች ጋራ ማጋጠም ይቻል ነበር፤ መቀሱ አንድ ነው፥ ዘዴውም አንድ ነው። እንግዲህ ባለሥልጣን በጠላቱ ላይ ሲሆን የሚያጋጥመውን በራሱ ላይ ሲሆን የሚለያይ ከሆነ፥ ዘዴው የረኃብተኛው ጠበቃ ሳይሆን የባለሥልጣኑ አገልጋይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚሻል መንገድ መኖሩን የጥንቶቹ ቆራጮች አሳይተዋል። ጂጋ ቬርቶቭ በ1929 ባወጣው «ፊልም ማንሻ ካሜራ የያዘ ሰው» በተባለው ሥራ፥ ቆራጭዋ የሊዛቬታ ስቪሎቫ በጠረጴዛዋ ላይ ፊልም ስትመርጥና ስትቈርጥ ትታያለች። የልጆች ፊት በመጀመሪያ እንደ ፎቶግራፍ ጸጥ ብሎ ይታያል፥ ከዚያ በእጇ ካለፈ በኋላ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ፊልሙ ለተመልካቹ «ያየኸው ሁሉ በዚች እጅ በኩል አልፎአል» ይለዋል። በዚህም የሥዕሉ ውበት አልቀነሰም።

በዛሬው ጊዜ ስልክ የያዘ ተማሪ ሁሉ ፊልም ቆራጭ ሆኖአል፤ ጥያቄው ስለዚህ የጥቂት ባለሞያዎች ብቻ አይደለም። ስለ ፊልም የምንጽፍ ሰዎች ከዳይሬክተሩና ከተዋናዩ ስም አጠገብ የቆራጩን ስም ብንጽፍ፥ ከተቻለም አንድ መጋጠሚያ መርጠን ምን እንደሚናገርና የሚናገረው ነገር ከቁራጮቹ የተገኘ ይሁን ወይም በመካከላቸው የተፈጠረ መሆኑን ብንመረምር ሁለት ጥቅም ይገኛል። የደከመ ሰው ዋጋውን ያገኛል፤ ያጣመመም ሰው ተጠያቂ ይሆናል። ስሙ የማይጠራ ሠራተኛ አይመሰገንም፤ ነገር ግን አይጠየቅምም።