የጸናጽል ቅጠል በውሃ ሲመዘን

ጸናጽል ሻጭ «ንጹሕ ነሐስ ነው» ካለዎት ገና ምንም አልነገረዎትም። በእኛ አፍ መዳብ ከቆርቆሮ የተቀላቀለውም (የጣሪያውን ሳይሆን ነጩን ማዕድን ማለቴ ነው)፣ መዳብ ከዚንክ የተቀላቀለውም ነሐስ ይባላል። የጥይት ቀለህ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው። የደወል ነሐስ ግን 22 በመቶ ያህል ቆርቆሮ ይገባበታል፤ ድምፁ ረጅም ነው፣ ክፉኛ ቢመታ ግን ይሰነጠቃል።

ተበላ ከተማ፣ ስሙ በአማርኛ ጆሮ ገዢን ባያበረታታም፣ ለአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ጸናጽል እንድመርጥ ተጠየቅኩ። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋሁ። ከያዘው ከቅቡ ሥር ብረት አለና ነገሩ እዚያው ያልቃል። አልያዘውም። ቀብድ ከፍለን፣ ክብ ቅጠሎቹን ከዘንጉ አስወልቀን ሶዶ ወዳለ ወርቅ ቤት ወሰድናቸው፤ የግራም መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ያለው እዚያ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ አይረባም።

ቅጠሎቹ 51 ግራም መዘኑ። ባለሙያው ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ዜሮ ካደረገው በኋላ፣ ቅጠሎቹን በክር አንጠልጥሎ ታች ሳያስነካ አጠለቃቸው። ሚዛኑ 6.00 አለ። 51 ለ6 ሲካፈል 8.5፤ የቀለህ ነሐስ ልክ። 10 በመቶ ቆርቆሮ ያለበት ቢሆን ኖሮ 5.8 ገደማ ባነበበ። ክርክሩ ሁሉ እንግዲህ በ0.2 ግራም ላይ ነው! ቅጠሉ ላይ የተጣበቁ የአየር አረፋዎች ዳኝነቱን ያዛባሉ፤ ውሃው ላይ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ።

ዚንኩ ያነሰ ነሐስም ወደ 8.7 ስለሚጠጋ ውሃ ብቻውን ቆርቆሮን ከዚንክ አይለይም። በኤክስሬይ የሚለካው መሣሪያ የእያንዳንዱን ድርሻ ይናገራል፤ የሚያየው ግን ቆዳውን ብቻ ነው። ጠርዙ በሞረድ ሳይፋቅ የሰጠውን ቁጥር አልቀበልም።

ቀለህ ነው ብዬ ግን ጸናጽሉን አልጣልኩትም። ጸናጽል ደወል አይደለም፤ ድምፁ ቅጠል ከቅጠል ሲጋጭ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ከቅይጡ በፊት ቀዳዳውን እመለከታለሁ፤ ከጠበበ ቅጠሉ ይነክሳል፣ ሻካራ ከሆነ ዘንጉን ይበላዋል። ቅጠሎቹን መልሰን ጸናጽሉን ወደ ጎን ቀስ ብዬ አዘነበልኩት። ማንም ሳይገፋቸው ተንሸራተቱ። ቀሪውን ከፍለን ወሰድነው።