«ለዛሬ ይይዛል»

ገመድ የሚበጠሰው በቅጽበት ነው፤ የሚያልቀው ግን ቀስ እያለ፣ እኛው እያየነው ነው። በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ ሕንፃዎች ላይ ተንጠልጥለን መስታወት ለምናጸዳ ሰዎች ከከፍታው ይልቅ የሚያስፈራው «ለዛሬ ይይዛል» የምትለዋ አነጋገር ናት።

ይህች አነጋገር ባለሙያንም ትጥላለች። አሜሪካዊው ቶድ ስኪነር በዘመኑ ከታወቁ ዓለት ወጪዎች አንዱ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ዮሴሚቲ ከሚገኘው የሊኒንግ ታወር ዓለት በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ገመዱ አልተበጠሰም። የተበጠሰው ሃርነሱን (የወገብና የጭን መታጠቂያውን) ከመውረጃው መሣሪያ ጋር የሚያገናኘው፣ ከወገብ ፊት ለፊት ያለው የጨርቅ ቀለበት ነው። አዲስ ሳለ ከአንድ ቶን በላይ የሚሸከም ቀለበት፣ አንድ ቦታ ላይ ሲፈገፈግ ኖሮ ሳስቷል። አብሮት የሚወጣው ጓደኛው መሳሳቱን አይቶ ነግሮት ነበር፤ እሱም አዲስ ሃርነስ አዝዞ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። የሞተው ያላወቀ ሰው አይደለም።

እኛ ዘንድ ገመድ የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ናይለኑን ያደርቀዋል። ሕንፃ የሚለበስበት የአሉኮቦንድ ጠርዝ እንደ ቢላ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ገመዱ በሚያልፍበት ሁሉ ወፍራም ሞኬት እናነጥፋለን። የባሰው አሲድ ነው። አዲስ ሕንፃ ሲረከቡ መስታወቱ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ የሚያስለቅቁበት አሲድ ናይለን ላይ ሲንጠባጠብ፣ ከላይ ምንም ሳያሳይ ውስጡን ይበላዋል። ለዚህ ነው ዓይንን ብቻ የማላምነው። ከመውረዴ በፊት ገመዱን በጣቶቼ መሀል አሳልፈዋለሁ፤ በየክንዱ አጥፌም ቀለበት አደርገዋለሁ። ደህና ገመድ ሲታጠፍ ክብ ይሠራል። አንድ ቦታ ላይ እንደ ወረቀት እጥፍ ካለ፣ ሽፋኑ አዲስ ቢመስልም ልቡ አልቋል።

ምርመራ ብቻውን ግን አይበቃም። ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ምዕመን የጠፍሩን ገመድ ጨብጦ 15 ሜትር ያህል ገደል ይወጣል። ወገቡ ላይ ግን ሌላ ጠፍር ይታሰርለታል፤ ያንን ከላይ ያሉት አባቶች ይዘው ይስቡታል። እጁ ቢዝል የሚያድነው ሁለተኛው ነው። የእኛም ሥራ የቆመው በሁለት ገመድ ነው፤ አንዱ ይሸከማል፣ ሌላው ይጠብቃል፣ እያንዳንዱም ለየብቻው ኮለን ላይ ይታሰራል። ሁለቱንም ሃርነሱ ላይ ባለ አንድ ቀለበት ማንጠልጠል ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ያ ቀለበት ከሄደ ሁለቱም ገመዶች ባዶ ናቸው። ስለዚህ ጠባቂው ገመድ ደረት ላይ ይያያዛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም በአግባቡ እንዲጠቀምበት ያስገድዳል። በተግባር ክርክር የሚነሳው «አልቋል» ብሎ የሚፈርደው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ገመድ የሚገዛው ሰው ገመዱ ላይ አይንጠለጠልም፤ የሚንጠለጠለው ደግሞ የዕለት ገቢው እንዳይቀርበት ይፈራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ፈራጁ የሚወርደው ሰው ነው፤ «አልወርድም» ባለበት ቀንም ክፍያው አይቆረጥበት። የተጣለው ገመድም እዚያው በቢላ ይቆራረጥ፤ ሙሉውን ከተቀመጠ ሥራ የበዛ ዕለት አንዱ ከመጋዘን ማውጣቱ አይቀርም።